ፋይሉ ከእጃችሁ ሳይወጣ

ካዛንቺስ ዳር፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሦስት የመስታወት ሥዕሎች ያሉት እዚያ ነው፤ አንድ ላይ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። ፀሐይ ከበስተኋላቸው ስትበራ ቀዩ ፍም ይመስላል። በስልካችሁ ፎቶ ብታነሷቸውም ያ ድምቀት ብዙም አይጠፋም። ያንኑ ፎቶ ብሮሸር ላይ ስታሳትሙት ግን ፍሙ አመድ ለብሶ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል። እኔም ለዓመታት ወቅሻለሁ። ነገሩ የተበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው።

መስታወቱም ሆነ የስልኩ ስክሪን ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካሉ። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ ያረፈበትን መልሶ ይሰጣል እንጂ። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየደመረ ይሠራል፤ ሦስቱም ሙሉ በሙሉ ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ። የማተሚያ ቀለም ደግሞ እየቀነሰ ነው የሚሠራው፦ ሳያን ከነጩ ብርሃን ቀዩን ይውጣል፣ ማጀንታ አረንጓዴውን፣ የሎ ሰማያዊውን። ሰንደቅ ዓላማችንን በኦፍሴት ማሽን ላይ አስቡት። ቢጫው በአመዛኙ ከየሎ ይወጣል። አረንጓዴው የሎና ሳያን ሲደራረቡ፣ ቀዩ የሎና ማጀንታ ሲደራረቡ ይወለዳል፤ የመካከሉ ሰማያዊ ክብ ሳያንና ማጀንታ ነው። ሦስቱ ባንድ ቦታ ሲከመሩ ግን ጥርት ያለ ጥቁር ሳይሆን ጭቃ የመሰለ ቡናማ ስለሚሰጡ፣ ጥቁር አራተኛ ሆኖ ይጨመራል። አራት ቀለም፣ አራት ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ)።

እነዚህ አራቱ የሚደርሱበት ስፋት ስክሪን ከሚደርስበት ይጠባል። ስልክ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወይም የኤሌክትሪክ ሰማያዊ ከየትኛውም የቀለም ቅልቅል አይገኝም። ስለዚህ በፎቶሾፕ ወይም በኢላስትሬተር ስትሠሩ ፋይሉን ከአርጂቢ (ከስክሪኑ ሦስት ብርሃን) ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለም) ራሳችሁ ቀይሩት፤ «ማሽኑ ይቀይረዋል» ብላችሁ አትተዉት። መቀየሩ ላይቀር ዓይናችሁ እያየ ይቀየር። የደበዘዘ አርማ ካለ ያን ጊዜ ሌላ ቅልቅል ትፈልጉለታላችሁ፤ 3000 ቅጂ ከታተመ በኋላ ግን የሚፈለግ ነገር የለም።

መቀየሩም በዘፈቀደ አይደለም፤ ፕሮፋይል የሚባል የቀለም ሠንጠረዥ አለው። ለአንጸባራቂ ወረቀት ፎግራ 39 በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ቀለም ለሚመጥ ተራ ወረቀት ደግሞ ሌላ ነው። በአንጸባራቂው ላይ ቀለሙ ከላይ ይቀራል፤ በተራው ላይ ይሰርጋል፣ ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ይሰፋሉ፣ ፎቶው ይጨልማል። ፋይል ከመሥራታችሁ በፊት ወረቀቱን ምረጡ የምለው ለዚህ ነው። አራቱ ቀለሞች በአንድ ነጥብ ላይ ሲደመሩም ከ300 በመቶ ግድም ባያልፉ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ የሚያርፈውን ወረቀት ያቆሽሻል።

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ፣ እኔ የማሠራበት ትንሽ ማተሚያ ቤትም ተነሥቶ ራቅ ያለ ቦታ ገባ። ቀድሞ ከዲዛይነሩ ጎን ወንበር ስቤ እቀመጥ ነበር። «ይቺን ጥቁር ምን ላድርጋት?» ሲለኝ እመልስለታለሁ፤ የጎደለው ፎንት ካለ ከፍላሼ አወጣለሁ። አሁን ፋይሌን በቴሌግራም ነው የምልከው። ጎኑ ተቀምጬ እመልስ የነበረውን ሁሉ ዛሬ ፋይሉ ብቻውን መመለስ አለበት።

ስለ ጥቁር ትንሽ ልቆይ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ስለሆነ። በቋንቋችን ቀለም ማለት ቀይና ቢጫው ብቻ አይደለም፤ መጻፊያው ፈሳሽም ቀለም ነው፣ ትምህርቱም ቀለም ነው። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ጽፈው ሲሄዱ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ቦታ ይተዉ ነበር፤ ቀዩን በኋላ ተመልሰው ይሞሉታል። ያልተሞላ ክፍት ቦታ ይዘው የቀሩ ብራናዎች ዛሬም አሉ። ሁለቱ ቀለም በየተራው ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚለየው የዛሬው ከለር ሴፓሬሽን ዘመድ ነው። ጸሐፊው ጥቁሩን በአንድ ቀለም፣ በአንድ ብዕር ጻፈው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ የጽሑፋችሁ ጥቁር ከብላክ ብቻ 100 በመቶ ይሁን፣ ሌሎቹ ዜሮ። ከአርጂቢ የተቀየረ ጥቁር ግን ከአራቱም ቀለም ይሠራል። አራት ፕሌት በፀጉር ስፋት ከተዛነፈ የፊደሉ ዳር ይደበዝዛል። ላቲን ይህን ችሎ ሊነበብ ይችላል። የእኛ «ሊ» ከ«ሌ» የሚለየው ግን በእግሩ ነው፤ አንዱ ሰረዝ አለው፣ ሌላው ቀለበት። በ9 ነጥብ መጠን ያቺ ቀለበት ከተደፈነች ቃሉ ሌላ ቃል ሆነ። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ የሚወጣ ቀጭን ጽሑፍም ያው አደጋ አለው፤ ወፈር ያለ ፎንት ስጡት። የሽፋን ሙሉ ገጽ ጥቁር ሲሆን ብቻ ሕጉ ይገለበጣል፤ ብላክ ብቻውን ግራጫ ስለሚመስል 60 ሳያን፣ 40 ማጀንታ፣ 40 የሎ ከ100 ብላክ ጋር ብትሰጡት ጥልቀት ያገኛል።

የሰው ፊትና ነጠላ ሌላው ፈተና ናቸው። የጠይም ፊት ሙቀት ከማጀንታና ከየሎ ይመጣል፤ ሳያን ሲበዛበት ፊቱ አመድማ ይሆናል፣ የታመመ ይመስላል። ችግሩ ሥር አለው፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማስተካከያ ካርድ ላይ የነበረችው ለረጅም ጊዜ ነጭ ሴት ነበረች፤ ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲለካ ኖረ። የሠርግ ወይም የበዓል ፎቶ ስትልኩ ፊቱን አጉልታችሁ የቀለሙን ቁጥር እዩ፣ ሳያኑን በጥንቃቄ ቀንሱ። ነጠላው ደግሞ በተቃራኒው ነው። በሕትመት ነጭ ማለት ምንም ያልታተመበት ወረቀት ነው። ፎቶው እንዲደምቅ ተብሎ ብርሃኑ ሲገፋ የነጠላው እጥፋትና የጥጡ ልስላሴ ይጠፋና የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። ጥበቡ አጠገብ ያለው ነጭ 3 ወይም 5 በመቶ ቀለም ቢኖረው ጨርቅነቱ ይታያል።

ፎንት እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ማይክሮሶፍት ኒያላን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያወጣው ደግሞ በ2007። ከዚያ በፊት የነበሩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የእኛን ሥዕል ያስቀምጡ ነበር፤ ዛሬም በየቢሮው አሉ። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ያንን ፋይል ሲከፍት ጽሑፉ የላቲንና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። እኔም አንድ የመታሰቢያ መጽሔት በዚህ ምክንያት በቀጠሮው ሳይደርስ ቀርቶብኛል፤ ቤተሰቡን ይቅርታ የጠየቅሁት አሁንም ይከብደኛል። ዩኒኮድም ቢሆን ፎንቱ ከጎደለ ሌላ ይተካበታል፣ መስመሩ ይረዝማል፣ የገጹ መጨረሻ ወደ ማዶ ይሻገራል። ፖስተርና ሽፋን ከሆነ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ኢላስትሬተር ላይ ክሪኤት አውትላይንስ፣ ኮረል ድሮው ላይ ኮንቨርት ቱ ከርቭስ ይባላል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል ማረም ስለማይቻል የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። መጽሐፍ ከሆነ ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ ማካተት ይሻላል።

ቴሌግራምን አንሥቻለሁና፣ ትልቁ ወጥመድ እሱ ነው። ፎቶ «እንደ ፎቶ» ሲላክ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ጥሩ ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ስለሚፈልግ ያ ፎቶ በጥራት የሚታተመው 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርዝመት ነው። ሙሉ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ፒክስል ይጠይቃል። ትንሹን ፎቶ ፎቶሾፕ ላይ ማሳደግ ቁጥሩን እንጂ ጥራቱን አይመልስም። «እንደ ፋይል» ላኩት፤ ያኔ ሳይነካ ይደርሳል።

የልኩ ነገር ቀላል ነው። ማሽን ወረቀቱን ሲከረክም ጥቂት ይዛነፋልና፣ እስከ ዳር የሚደርስ ቀለም ወይም ፎቶ ካለ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፉት፤ ኤ5 148 በ210 ከሆነ ፋይሉ 154 በ216 ይሆናል። ጽሑፍ ከዳር ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በመሐሉ የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት በ4 መካፈል አለበት። የግድግዳ ካላንደር የምታሠሩ ጳጉሜን አትርሱ፤ ከውጭ የመጣ ባለ 12 ወር ቅርጽ ላይ የእኛን ወራት ስትሞሉ ቦታ የምታጣው እሷ ናት።

በመጨረሻ ሁሉንም ፒዲኤፍ ኤክስ-4 በሚባለው የሕትመት ዓይነት አውጡት፤ ማሽኑ የቆየ ከሆነ ኤክስ-1ኤ ይጠይቋችኋል። ከፋይሉ ጋር ልኩን፣ ወረቀቱን፣ ብዛቱንና በስንት ቀለም እንደሚታተም በአንድ መልእክት ጻፉ፤ በስልክ የተነገረ ይረሳል። ከዚያ የወረቀት ፕሩፍ (የሙከራ ሕትመት) ጠይቁ። ሲመጣ በቢሮው ቢጫ አምፖል ሥር አትፍረዱበት፤ ቀን በረንዳ ላይ አውጡት፣ ፊቱን፣ ነጠላውን፣ የ«ሌ»ን ቀለበት እዩ። ስህተት ካለ በእስክሪብቶ ክበቡት። ከሌለ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ ለማሽኑ ሠራተኛ ስጡ፣ ሌላውን ቤት ይዛችሁ ሂዱ።