የሮተር ማሸጊያ
የሮተር ማሸጊያ በቫንክል ሞተር ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ጫፎች ላይ የሚገጠም ቀጭን የብረት ቁራጭ ነው። ይህን ሞተር ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል የፈለሰፈው ሲሆን፣ በማዝዳ መኪናዎች ይታወቃል። ከማሸጊያው ሥር ያለው ሞላ ማሸጊያውን ወደ ሞተሩ ግድግዳ ስለሚገፋው ጋዝ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያልፍም። የተቃጠለ ዘይት ጥቀርሻ በቦዩ ውስጥ ሲጋገር ግን ማሸጊያው ይጣበቃል፤ እመቃው ይቀንሳል፣ ሞተሩም ለመነሣት ይቸገራል።

የተጣበቀውን ለማውጣት ሮተሩ ጥቀርሻ በሚያላላ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል። ከዚያም ማሸጊያው በእንጨት ወይም በነሐስ ቁራጭ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ ሲላላ በቦዩ ርዝመት ተንሸራቶ ይወጣል። በካቻቢቴ መፈንቀል አይገባም። ማሸጊያው ቢሰበር በአዲስ ይተካል፤ ቦዩ ከተጫረ ወይም ከሰፋ ግን አዲሱም ማሸጊያ በደንብ ስለማይዘጋ ሮተሩ ራሱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።