ከ«ረመዳን ከሪም» ፖስተር ባሻገር

የረመዳን ጨረቃ በታየችበት ምሽት ስልካችን ላይ ቀድሞ የሚደርሰን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ከዘመድ ላይሆን ይችላል። ባንኩ፣ የቴሌኮም ኩባንያው፣ የቴምር አስመጪው፣ የአልባሳት መደብሩ፣ ሬስቶራንቱና የእግር ኳስ ክለቡ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ገጾቻቸው ጨረቃና ፋኖስ የተሳለበት ምስል ይዘው ይቀርባሉ። ምስሎቹ እጅግ ከመመሳሰላቸው የተነሳ አርማቸው ቢሸፈን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

መልካም ምኞትን መግለጽ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ጥያቄ ማንሳት ወደድን። ከዚያ ፖስተር በኋላ በሚቀሩት 29 ወይም 30 ቀናት ደንበኛውና ደጋፊው ከእነዚህ ገጾች ምን ያገኛል? በመንገድ ዳር የተሰቀለ ሰሌዳ መልስ አይጠበቅበትም። ማኅበራዊ ሚዲያ ግን ሰው የሚጠይቅበት፣ የሚያመሰግንበትና የሚወቅስበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ የሰውን ልብ ያገኙት ለጾመኛው ቀን የሚጠቅም ነገር ሠርተው ያሳዩትና ቃላቸውን የጠበቁት መሆናቸውን ከሩቅም ከቅርብም የምናያቸው ምሳሌዎች ያስረዳሉ።

ከእግር ኳሱ እንጀምር። ሚያዝያ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌስተር ሲቲ ክሪስታል ፓላስን ያስተናገደው በረመዳን ምሽት ነበር። የሌስተሩ ዌስሊ ፎፋናና የፓላሱ ቼኩ ኩያቴ ጾመው ነው ወደ ሜዳ የገቡት። ሁለቱ ክለቦች አስቀድመው ተስማምተው ስለነበር ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄደ ኳሷ ከሜዳ በወጣችበት ቅጽበት ለአፍታ ቆመ፤ ተጫዋቾቹም አፈጠሩ። የፓላሱ ግብ ጠባቂ ቪሴንቴ ጓይታ ጨዋታውን ለማስቀጠል አልቸኮለም። ከጨዋታው በኋላ ፎፋና በትዊተር ገጹ ሊጉን፣ ተጋጣሚውን ክለብ፣ ጓይታንና የቡድን ጓደኞቹን አመሰገነ። መልእክቱም ከእንግሊዝ አልፎ በመላው ዓለም ተሰራጨ። በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን ቡንደስሊጋ አውግስቡርግ ከማይንዝ ሲጫወቱ ዳኛው ማቲያስ ዮለንቤክ ጨዋታውን አስቁመው ለማይንዙ ተከላካይ ሙሳ ኒያካቴ የማፍጠሪያ ጊዜ ሰጡት።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ነገር ነው። ያን ሁሉ ደጋፊ ያነጋገረው መልእክት በማስታወቂያ ባለሙያ የተዘጋጀ አልነበረም። መጀመሪያ ሜዳ ላይ አንድ ነገር ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ የተደረገለት ሰው ራሱ ተናገረ። ድርጊቱ ባይቀድም ኖሮ ምስጋናው አይኖርም ነበር።

ቼልሲም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ክለቡ ራማዳን ቴንት ፕሮጀክት ከተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመሆን በስታምፎርድ ብሪጅ ስታዲየም ለሁሉም ክፍት የሆነ ኢፍጣር አዘጋጀ። አዛን በስታዲየሙ ተሰማ፤ ጾመኛውም ያልጾመውም ከሜዳው ዳር አብሮ ተቀመጠ። ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ይህን ያደረገው የመጀመሪያው ቼልሲ ነበር። ፎቶግራፎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ እጅ በእጅ ሲሰራጩ የታየው የክለቡ አርማ ብቻ አልነበረም፤ የተቀመጡት ሰዎችም ታይተዋል።

እንዲህ ያለው ነገር ከመልካም ስሜት ያለፈ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መሐመድ ሳላህ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ወደ ሊቨርፑል ከተዛወረ በኋላ የመጣውን ለውጥ የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናታቸው 15 ሚሊዮን የሚሆኑ የእንግሊዝ እግር ኳስ ደጋፊዎችን የትዊተር መልእክቶች ተመልክተዋል። የሊቨርፑል ደጋፊዎች በሙስሊሞች ላይ የሚጽፉት የጥላቻ መልእክት ከሌሎች ታላላቅ ክለቦች ደጋፊዎች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል መቀነሱን፣ ሊቨርፑል ባለችበት በመርሲሳይድ አካባቢም የጥላቻ ወንጀል በ16 በመቶ መውረዱን አግኝተዋል። ሳላህ ስለ መቻቻል ንግግር ሲያደርግ አልከረመም። ግብ አስቆጠረ፣ ሱጁድ ወረደ፣ ደጋፊውም ከእምነቱ ጋር ወደደው።

ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። ገጹ ብዙ ተከታይ ባፈራ ቁጥር ተሳዳቢውም ይበዛል። ክለቦች ለረመዳን ወይም ለዒድ ባስተላለፉት መልካም ምኞት ሥር የሚለጠፈውን ዘለፋ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፎፋና ምስጋናውን ከጻፈ ከአራት ቀናት በኋላ፣ ከሚያዝያ 22 እስከ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንግሊዝ ክለቦች፣ ሊጎችና የተጫዋቾች ማኅበር በተጫዋቾች ላይ የሚሰነዘረውን ስድብና ዘረኝነት በመቃወም ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ኢንስታግራምን አቁመው ነበር። ገጹን የከፈተ ሁሉ ከሥሩ ለሚጻፈውም ኃላፊነት እንዳለበት በዚያ ሳምንት በይፋ ታየ። የእኛም አገር ክለቦች ከዚህ የሚማሩት አለ። ደርቢ በተቃረበ ቁጥር በደጋፊዎች የቴሌግራም ቡድኖች የሚወረወረው ቃል አንዳንዴ ከኳስ አልፎ ብሔርና እምነት ይነካል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ቢሆንም ከሕጉ በፊት መቅደም ያለበት የገጹ ኃላፊ ንቃት ነው።

የንግድ ድርጅቶችም ከተመልካች መልስ አያመልጡም። የኩዌቱ የቴሌኮም ኩባንያ ዜን በየዓመቱ በረመዳን የሚያወጣው ማስታወቂያ በዓረቡ ዓለም በጉጉት ይጠበቃል። በ2009 ዓ.ም. ታዋቂው ድምፃዊ ሁሴን አል ጃስሚ የተሳተፈበትና ሽብርን የሚያወግዝ ቪዲዮ ለቅቆ በዩቲዩብ ሚሊዮኖች ተመለከቱት። ብዙዎች አደነቁት። ሌሎች፣ በተለይም ሶሪያውያን፣ በአየር ድብደባ የተጎዳውን የሐለቡን ሕፃን ዑምራንን የሚያስታውስ ገጸ ባሕርይ ከአጥፍቶ ጠፊ ጋር መቅረቡ እውነታውን ያዛባል ብለው በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ ተቹት። የሰውን መከራ ለማስታወቂያ የሚያነሳ ድርጅት ባለቤቱ እንደሚመልስለት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

የገጽ ተከታይን ለሌላ በጎ ነገር ማዋልም ይቻላል። የጣሊያኑ ሮማ በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዳዲስ ተጫዋቾቹን በሚያስተዋውቅባቸው ቪዲዮዎች ጎን የጠፉ ልጆችን ፎቶግራፍ ማሳየት ጀመረ። ደጋፊው የአዲሱን ፈራሚ ዜና ሲቀባበል የልጆቹም ፊት አብሮ ተሰራጨ፤ ከመካከላቸውም የተገኙ አሉ። «አፋልጉን» የሚለውን ማስታወቂያ በሬዲዮና በጋዜጣ ሲሰማና ሲያነብ ላደገ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም። በአገራችን ብዙ ተከታይ ያላቸው ክለቦችና ድርጅቶች በዚህ የሰደቃ ወር ገጻቸውን ለዚህ ቢያውሉት የሚጠይቃቸው ወጪ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ገበያው እንመለስ። በረመዳን የሰው ውሎ ይለወጣል። ቀን ሥራና ድካም፣ አመሻሽ ላይ የማዕድ ዝግጅት፣ ከተራዊህ በኋላ ደግሞ ሰው ስልኩን አንስቶ ይቀመጣል። ይህን የተረዳ ነጋዴ የምግቡን ፎቶ ከቀኑ 9 ሰዓት በጾመኛው ፊት ከመደርደር ይልቅ በማታው ለነገው ትእዛዝ ይቀበላል። መግሪብ በ12፡40 ገደማ በሚደርስባት አዲስ አበባ ከሥራ በ11 ሰዓት ለምትወጣ እናት ያዘዘችው ሳምቡሳ ከአዛን በኋላ ቢደርስ ገጹ ላይ የተለጠፈው ጨረቃና ፋኖስ ምኗም አይደለም። በአንጻሩ ዕቃው በምን ሰዓት እንደሚደርስ በእውነት የነገራት፣ ከዘገየም ደውሎ ያሳወቃት ሻጭ ለከርሞም ደንበኛዋ ነው። በ2017 ዓ.ም. እንደሆነው ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገጥሙ ደግሞ የምስሩን ሳምቡሳ ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ፣ ለኦርቶዶክሱም የጾም ምግብ አድርጎ በአንድ ማስታወቂያ የሚያቀርብ ቤት ገበያውንም ጉርብትናውንም ያውቃል።

ሁላችንንም የሚያስመርር አንድ ልማድ ግን አለ። የቀሚሱ፣ የቴምሩ፣ የምንጣፉ ፎቶ ይለጠፋል። «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ከሥሩ ይደረደራል። መልሱ «ኢንቦክስ» ነው። ለአንዱ የተነገረው ዋጋ ለሌላው ላይነገር ይችላልና ገዢው ገና ከመነሻው ይጠራጠራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። ዛሬ ለብዙዎች የሱቁ መስኮት የስልኩ ገጽ ስለሆነ ዋጋን በዚያ መጻፍ የአዋጁንም መንፈስ፣ የንግድንም አማና መጠበቅ ነው።

ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው በረመዳን የሚበዛው የበጎ አድራጎት ቃል ኪዳን ነው። «ይህን ሼር ባደረጋችሁ ቁጥር ለአንድ ችግረኛ ማፍጠሪያ እናቀርባለን» የሚሉ ጥሪዎች ይታያሉ። ሰው በቅን ልቡ ያጋራል፤ ገጹ ተከታይ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው እንደተመገበ፣ የት እንደተመገበ የሚናገር ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። ከሕግ ተጠያቂነቱም በላይ በድሃ ስም የተሰበሰበ ተከታይ በድሃው ላይ የሚቀር ዕዳ ነው። ቃል የገባ ድርጅት ቁጥሩንና ቦታውን በዚያው ገጽ ያስታውቅ። የተመጋቢዎችን ፊት ማሳየት አያስፈልግም፤ የሰጪ ማስረጃ የተቀባይን ክብር መንካት የለበትም።

አንባቢዎቻችንም ድርሻ አለን። ከማጋራታችን በፊት ባለቤቱ የሚታወቅ ገጽ መሆኑን እንይ፤ ገንዘብ የሚጠየቅበት የባንክ ሒሳብ በግለሰብ ስም ነው ወይስ በድርጅቱ ስም ብለን እንጠይቅ፤ ባለፈው ዓመት የተገባው ቃል የት እንደደረሰ ወደ ኋላ ሄደን እንመልከት። በትሕትና የቀረበን ጥያቄ የሚያጠፋ ገጽ ካጋጠመን መልሱን አግኝተናል። በሐቅ የሠራውን ደግሞ ስሙን ጠርተን እናመስግን። ፎፋና ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ሰው ምስጋና ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል።

የገጽ ኃላፊዎችን የሚለየው ፈተና ከዒድ ማግስት ይጀምራል። ፋኖሱ ከገጹ ሲወርድ፣ ልብሱ የጠበባት ደንበኛ ልትቀይር ስትጽፍ፣ ደጋፊው ስለ ትኬት ሲጠይቅ፣ የተገባው የሰደቃ ቃል ምን ደረሰ ሲባል መልስ የሚሰጥ ሰው ከወዲያኛው ጫፍ ካለ የረመዳኑ መልካም ምኞት ከልብ እንደነበር እናውቃለን።

ለመላው ሙስሊም አንባቢዎቻችን የተባረከ የረመዳን ጾም እንመኛለን።