አባባሉ ብቻ አያነብም

ስለ ንባብ በየቻናሉ ከሚዘዋወሩት አባባሎች ብዙዎቹ «የቻይናውያን» የሚል ማኅተም አላቸው። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ቢኖሩም እውነተኞቹ ጥቂት አይደሉም፤ መጽሐፍ የገለጠ አይከስርም የሚለው አንዱ ነው። አብረውት የሚነሡት የጥንት ቻይና ተማሪዎች ናቸው፦ ኳንግ ሄንግ የጎረቤቱን መብራት ሊዋስ ግድግዳ ነደለ፣ ቼ ይን በሌሊት የሚያበሩ ነፍሳትን በከረጢት ሰብስቦ፣ ሱን ካንግ ደግሞ በበረዶ ነጸብራቅ አነበበ ይባላል። ሲጠቀስ ግን የታሪኩ ጫፍ ይቆረጣል፦ ሦስቱም በኋላ ባለሥልጣን ሆነዋል። ከ7ኛው ምእት ዓመት መባቻ ጀምሮ እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ድረስም ለድኻ ልጅ ጭምር ወደ ሹመት የሚያስገባው ዋናው በር የመንግሥት ፈተና ነበር። አባባሉን ሕያው ያደረገው ያ በር ነው።

የእኛም አገር ከዚህ የራቀ አይደለም። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሕዝብ አባባል አላነሰውም። በደቡብ ጎንደር ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የተማሪ አገር ያደረገው ግን አባባሉ አይደለም። በዚያ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬና መዋሥዕት የምስክር ጉባኤ ሆነዋል፤ ከሩቅ የሚመጣው ተማሪ እዚያ ካስመሰከረ በሄደበት ደብር ሁሉ ይከበራል። እስከዚያው አኩፋዳውን አንግቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የሚያበላው ራሱ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ነው። መምህር፣ ቀለብ፣ ምስክር። ሦስቱ ባይኖሩ ማንም ደበሎ ለብሶ ዓመታት አይቀመጥም ነበር።

«ያ ቃል መሸምደድ እንጂ ንባብ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ቃል መያዙ እውነት ነው፤ የቻይናው ተፈታኝም ጥንታውያን መጻሕፍቱን በቃሉ ይይዝ ነበር። ነገር ግን ዳዊት የደገመ ልጅ ገጽ ላይ ያለውን ያነባል፤ አንድምታ የሚማረው ደግሞ አንዱን ጥቅስ በሁለትና በሦስት መንገድ ይፈታዋል። ይህ ካልተባለ ንባብ ምን ይባላል? ይልቅ የሚያስኬደው ወቀሳ ሌላ ነው፦ በሩ በሁለቱም አገር ለሴት ልጅ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፣ የእኛው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እምብዛም አያልፍም። ይህን መካድ አይቻልም።

በአንጻሩ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሴቱንም ወንዱንም ፊደል አስቆጠረ። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ግን ለገበሬው የሚነበብ ነገር በበቂ አልደረሰውም፤ ስለዚህ ብዙው ፊደሉን መልሶ ረሳ። «ዛሬ ስልክ አለ» ለሚለኝ፦ ስልክ ብራናውን ተክቷል፣ ያውም በርካሽ። ስማዳ ውስጥ ወገዳ ላይ ላለ አንባቢ ልጅ የጎደለው፣ ያነበበውን ቁጭ ብሎ የሚያደምጠውና ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነው፤ ያንን ደግሞ የኔታ በየቀኑ ያደርገው ነበር።