ታካሚ ከአልጋ ሲነሣ
ለሳምንታት የተኛን ታካሚ አስነሥቶ ማቆም ቀላል ሥራ ይመስላል። ተኝቶ ሳለ የለካነው የደም ግፊት ግን ሲቆም ስለሚሆነው ብዙ አይነግረንም። ስለዚህ ካቆምነው በኋላ፣ 3 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ደግመን እንለካለን፤ ተማሪዎች ቸኩለው የሚዘሉት ይህን ነው። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከወረደ፣ ወደ እግር የወረደውን ደም ልብና የደም ሥሮች ፈጥነው ማካካስ ተስኗቸዋል ማለት ነው። ታካሚው «ዐይኔን ጨለመኝ» እያለ «ትንሽ ይታገሡ» ማለት አይገባም፤ ወዲያው እናስተኛዋለን።

የልብ ምትም ብቻውን አያስተማምንም። አቴኖሎል የሚወስድ ሰው እጅግ ቢደክም እንኳ ምቱ እንደ ሌላው ሰው አይፈጥንም። እንዲህ ባለው ታካሚ ዘንድ እኔ ከሰዓቴ ይልቅ ፊቱንና ንግግሩን አምናለሁ፤ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ከንፈሩ ከገረጣ፣ ወይም የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ልምምዱ እዚያው ላይ ይቆማል።