ዘውዱ ከወረደ በኋላ የሚቀረው ስም

የግሪክ የመጨረሻው ንጉሥ የዳግማዊ ቆስጠንጢኖስ አምስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች በዲሴምበር 2024 የግሪክ ዜግነት አገኙ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቤተሰቡ ዜግነቱን ካጣ ሠላሳ ዓመት ሆኖት ነበር። ነገሩን ያን ያህል ካራዘሙት ምክንያቶች አንዱ ለብዙ ሰው ተራ ጉዳይ የሚመስል ነው፤ የቤተሰብ ስም።

ለእኛ የቤተሰብ ስም እንግዳ ነገር ነው። በስማችን ላይ የአባታችንን ስም እናስከትላለን፤ ልጃችን ደግሞ የእኛን ያስከትላል። ውጭ አገር ሄደን ቅጽ ስንሞላ ካልሆነ በቀር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ መጠሪያ የሚጠይቀን የለም። በአብዛኛው አውሮፓ ግን ገበሬውም ባለባንኩም እንዲህ ያለ ስም አለው። ከዚህ ልማድ ውጭ የኖሩት ነገሥታቱ ናቸው። የሚጠሩት በራሳቸው ስምና በሚነግሡበት አገር ነበር። የሥርወ መንግሥት ስም ቢኖራቸውም በመታወቂያ ላይ የሚሰፍር አልነበረም። ዙፋኑ እስካለ ድረስ ይህ ችግር አያመጣም። አገሩ ሪፐብሊክ ሲሆን ግን የቀድሞው ንጉሥ እንደማንኛውም ዜጋ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ መዝገቡም ስም ይጠይቃል።

የግሪኩ ንጉሥ የገጠማቸው ይኸው ነው። ቆስጠንጢኖስ በ1967 ከወታደራዊው መንግሥት ጋር ተጋጭተው ከአገር ወጡ። በዲሴምበር 1974 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 69 በመቶ ያህሉ ሪፐብሊክን መረጠ። በ1994 ደግሞ የግሪክ ፓርላማ የንጉሡን ንብረት የሚወርስና ዜግነታቸውን የሚነሣ ሕግ አወጣ። ዜግነቱን መልሰው ማግኘት ከፈለጉ ሕገ መንግሥቱን መቀበል፣ የማዕረግ ጥያቄያቸውን መተውና የቤተሰብ ስም ይዘው መመዝገብ ነበረባቸው። ቆስጠንጢኖስ ቤተሰባቸው እንዲህ ያለ ስም ኖሮት እንደማያውቅ በመግለጽ አሻፈረኝ አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ‹‹ግሉክስቡርግ›› እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ይህ ዘራቸው የሚመዘዝበት የጀርመን ቦታ ስም ስለሆነ፣ ባዕድ ናችሁ ማለት ነበር።

ክርክሩ ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ2000 ዓ.ም. የንብረት መብታቸው መጣሱን አረጋገጠ፤ በ2002 ደግሞ ለእሳቸው፣ ለእህታቸውና ለአክስታቸው ከ13 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ካሣ እንዲከፈል ወሰነ። የስሙ ጉዳይ ግን እንደነበረ ቀረ። ቆስጠንጢኖስ በ2013 ወደ አገራቸው ተመልሰው መኖር ቢጀምሩም የግሪክ ዜግነታቸውን ሳያገኙ በጃንዋሪ 2023 አረፉ። የተቀበሩትም እንደ ግለሰብ እንጂ እንደ ቀድሞ ርዕሰ ብሔር አይደለም። ልጆቻቸው ሪፐብሊኩን ተቀብለው ‹‹ደ ግሬስ›› የሚል ስም መረጡ። በፈረንሳይኛ ‹‹የግሪክ›› ማለት ነው። የግራ ፓርቲዎች ይህ የቤተሰብ ስም ሳይሆን የተደበቀ ማዕረግ ነው ሲሉ ተቃወሙ።

እንግሊዞች ይህንን ችግር የፈቱት ዘውዱን ሳይጥሉ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ሥርወ መንግሥት ሳክስ-ኮበርግ-ጎታ ይባል ነበር። ስሙ ጀርመናዊ ነው። ለንደንን በቦምብ ይደበድቡ የነበሩት የጀርመን አውሮፕላኖች ስምም ‹‹ጎታ›› ነበር። ንጉሡ በጁላይ 1917 ባወጡት አዋጅ የጀርመኑን ስም ጥለው በአንድ ቤተ መንግሥታቸው ስም ‹‹ዊንድሰር›› ተባሉ። በ1960 ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ የባለቤታቸውን የልዑል ፊሊፕን ስም አክለው፣ የልዑልነት ማዕረግ የማይኖራቸው ዘሮቻቸው ‹‹ማውንትባተን-ዊንድሰር›› እንዲባሉ ወሰኑ።

እንግሊዞች የጣሉትን ስም ይዞ ሌላ አገር ላይ ሥልጣን የያዘ ሰው ግን አለ። የቡልጋሪያው ስምዖን በ1943 በስድስት ዓመታቸው ነግሠው በ1946 ተሰደዱ። ከ55 ዓመት በኋላ በምርጫ አሸንፈው ከ2001 እስከ 2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሥልጣን የያዙት ስምዖን ሳክስኮቡርግጎትስኪ ተብለው ነው፤ የዚያው የሳክስ-ኮበርግ-ጎታ ቡልጋርኛ አጠራር ነው። የሥርወ መንግሥቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው አገር መሩ።

ጀርመንና ኦስትሪያ ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ በዚህ ጉዳይ በተቃራኒ መንገድ ሄደዋል። የጀርመን የዋይማር ሕገ መንግሥት በ1919 የመኳንንትን ልዩ መብት ሲሽር ማዕረጉን አላጠፋውም፤ የስም አካል አደረገው። ስለዚህ የመጨረሻው ካይዘር የዳግማዊ ዊልሄልም አራተኛ ትውልድ የሆኑት ጌኦርግ ፍሪድሪክ የቤተሰብ ስማቸው ‹‹ፕሪንስ ፎን ፕሮይሰን››፣ ማለትም የፕሩሲያ ልዑል ነው። በሕግ ዓይን ይህ እንደ ሽሚት ወይም እንደ ሙለር ያለ ስም ነው፤ ልዑል አያደርጋቸውም። ስም ስለሆነም በጋብቻና በጉዲፈቻ ይተላለፋል። በ1980 አንዲት የአንሃልት ልዕልት አንድን ጎልማሳ በጉዲፈቻ ልጃቸው አደረጉት። ሰውየው በአንድ ጀምበር ‹‹ፕሪንስ ፎን አንሃልት›› ሆነ፤ በ1986 ደግሞ የሆሊውዷን ተዋናይት ዛዛ ጋቦርን አገባ።

ኦስትሪያ በበኩሏ በዚያው በ1919 ባወጣችው ሕግ ማዕረጉንም፣ እንደ አማርኛው ‹‹የ›› የምታገለግለዋን ‹‹ፎን››ንም ከስም ላይ ፋቀች። በጉዲፈቻ የጀርመን መኳንንት ስም ያገኘች አንዲት ኦስትሪያዊት ስሟ በመዝገብ ሲቆረጥባት እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ በ2010 የዜጎችን እኩልነት ለመጠበቅ ኦስትሪያ ስሙን አልቀበልም ማለት እንደምትችል ወሰነ።

እስካሁን ያየነው መንግሥትና የቀድሞ ነገሥታት ሲከራከሩ ነው። ዘውዱ ባልወረደባቸው አገሮች ግን ማዕረግ የሚሰጠውም የሚነሣውም አያት፣ ወንድም ወይም አባት ነው፤ ሕመሙም የቤት ውስጥ ሕመም ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ካርል ጉስታፍ በ2019 አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ከንጉሣዊው ቤት አባልነት አስወጡ። የዴንማርኳ ንግሥት ማርግሬቴ ደግሞ በሴፕቴምበር 2022 የሁለተኛ ልጃቸው የልዑል ዮአኪም አራት ልጆች ከ2023 መግቢያ ጀምሮ የልዑልነት ማዕረጋቸው እንደሚቀርና የሞንፕዛ ካውንት እንደሚባሉ አስታወቁ። ምክንያታቸው ልጆቹ የራሳቸውን ሕይወት በነፃነት እንዲመሩ ነው የሚል ነበር። ዮአኪም ግን ልጆቻቸው መጎዳታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ንግሥቲቱ በቀናት ውስጥ የቤተሰቡን ስሜት አቃልለው ማየታቸውን ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ውሳኔያቸውን ግን አላጠፉም።

በብሪታንያ ንጉሥ ቻርልስ በኦክቶበር 2025 ወንድማቸው አንድሩ የልዑልነት ማዕረጋቸውን እንዲያጡ አደረጉ። መነሻው አንድሩ ከአሜሪካዊው የወሲብ ወንጀለኛ ከጄፍሪ ኤፕስታይን ጋር የነበራቸው ግንኙነት ነው፤ እሳቸው ምንም ጥፋት አልሠራሁም ይላሉ። ከዚያ ወዲህ መጠሪያቸው አንድሩ ማውንትባተን ዊንድሰር ሆኗል። እናታቸው በ1960 ማዕረግ ለማይኖራቸው ዘሮቻቸው ያዘጋጁት ስም የቅጣት ምልክት ሆነ። በአንጻሩ የእህታቸው የልዕልት አን ልጆች ሲወለዱም ማዕረግ አልነበራቸውም፤ የአባታቸውን የፊሊፕስን ስም ይዘው አደጉ። ከመጀመሪያው ያልተሰጣቸውን የሚነሣቸው የለም።

የመጨረሻው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ኦቶ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ስም ነበራቸው። በጀርመን ኦቶ ፎን ሃብስቡርግ፣ በኦስትሪያ ኦቶ ሃብስቡርግ-ሎትሪንገን ይባሉ ነበር። ኦስትሪያ የገቡት በ1961 የዙፋን ጥያቄያቸውን ትተው ከፈረሙ ከዓመታት በኋላ ነው። ከ1979 እስከ 1999 ጀርመንን ወክለው በአውሮፓ ፓርላማ ተቀመጡ። በጁላይ 2011 በ98 ዓመታቸው አርፈው ቪየና በሚገኘው የካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን፣ በቤተሰባቸው የመቃብር ቤት ተቀበሩ። በቤተሰቡ ልማድ መሠረት አስከሬኑ ሲደርስ በሩ ይንኳኳል፤ መነኩሴውም ከውስጥ ሆኖ ማን እንደመጣ ይጠይቃል። በመጀመሪያ የንጉሣዊ ማዕረጋቸው ዝርዝር ተነበበ፤ አናውቀውም የሚል መልስ መጣ። ቀጥሎ ያገኙት ዲግሪ፣ ሹመትና ሽልማት ተነበበ፤ አሁንም አናውቀውም ተባለ። በሦስተኛው ኦቶ፣ ሟችና ኃጢአተኛ ሰው ሲባል በሩ ተከፈተ።