ፕሮፎርማው ግልጽ ይሁን፦ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ልጆቻችን

ዛሬ የምናወሳው በቤታቸው ተቀምጠው ለነጋዴ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ድረ ገጽ ስለሚሠሩ ልጆቻችን ነው። በዚህ ሙያ ጠብ የሚያስነሣው ብዙውን ጊዜ የሥራው መክፋት ሳይሆን፣ ዋጋ ሲቆረጥ ምን እንደሚሠራ በግልጽ አለመነገሩ ነው። «ትንሽ ዌብሳይት ሥራልኝ»፣ «እሺ፣ በ20,000 ብር» ተባብለው ይለያያሉ። ደንበኛው በልቡ የያዘው በአማርኛም በዐረብኛም የሚነበብ ገጽ ነው፤ ሠሪው ያሰበው ግን አምስት ገጽ በአንድ ቋንቋ ብቻ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም «ተበደልኩ» ይላሉ።

የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ያልታወቀ ነገር «ገረር» ይሉታል። በኢጃራ ውል ሥራውም ክፍያውም የታወቀ መሆን አለበት። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሆነው የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽም ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር የሚናገር ነው።

ታዲያ ዋጋው እንዴት ይወጣል? በመጀመሪያ የሰዓት ዋጋችሁን ዕወቁ። ለምሳሌ የቤት ወጪ፣ ኢንተርኔት፣ መብራትና የኮምፒውተር እርጅና ተደምሮ በወር 30,000 ብር ያስፈልጋችኋል እንበል። ደንበኛ ፍለጋውና ስልኩ ሲቀነስ ክፍያ የሚገኝበት ሰዓት በወር 100 ቢሆን፣ አንዱ ሰዓት 300 ብር ይሆናል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሥራውን ከፋፍሉት፦ ከደንበኛው ጋር መመካከር 10 ሰዓት፣ ንድፍ 20፣ ግንባታ 30፣ ሙከራና ማስተማር 10፤ ድምሩ 70 ሰዓት። ላልታሰበ ነገር አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 14 ሰዓት ጨምሩ። 84 ሰዓት በ300 ብር ሲባዛ 25,200 ብር ይሆናል።

ዶሜይንና ሆስቲንግ በየጊዜው የሚታደሱ ወጪዎች ስለሆኑ ለብቻቸው ይጻፉ። ክፍያቸው በዶላር ከሆነ ደግሞ ፕሮፎርማው ለስንት ቀን እንደሚጸና መግለጽ ግድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያንጊዜ ቀን ሳይገድብ ዋጋ የሰጠ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ መክፈል ነበረበት። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሠሪም 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ይግለጽ።

በወረቀቱ ላይ የገጾቹ ብዛት፣ ቋንቋው፣ ጽሑፍና ፎቶ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድና የርክክቡ ቀን ይስፈሩ። ከዚያ ውጭ የሚመጣ ጥያቄ አዲስ ዋጋ ይቆረጥለታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንዶች «ክፍያ ከዘገየ በየቀኑ ይህን ያህል ይጨመራል» ብለው ይጽፋሉ። በዕዳ ላይ ስለ መዘግየቱ ተብሎ የሚጨመር ገንዘብ ግን ወደ ሪባ ይወስዳል። መፍትሔው ክፍያውን ከሥራው ጋር ማያያዝ ነው፤ ግማሹ ሲጀመር፣ ሩቡ ንድፉ ሲጸድቅ፣ ቀሪው ሩብ በርክክብ ጊዜ።

እናትና አባቶች ሆይ! ልጃችሁ ለዘመድና ለጎረቤት ሲሠራም «በኛና በናንተ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል» አትበሉ። ወረቀቱ ዝምድናውንም የልጁንም ሐላል እንጀራ ይጠብቃል።