ልጄ ሌሊቱን ከኮምፒውተሩ ጋር ምን ይሠራል?

ወረታን የሚያውቅ ሰው የክረምት ሌሊቷን ያውቃል። ከሩዙ ማሳ የእንቁራሪት ጩኸት፣ ከመንገዱ ደግሞ ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፉ መኪናዎች ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ክረምት ግን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነበር። ከበኩር ልጃችን ክፍል አንድ ዜማ እየተቆረጠ ይደጋገማል። ልጃችን በዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሚንግ ይማራል፤ ለዕረፍት መጥቶ ሌሊቱን ከላፕቶፑ አይነሣም። እኔም ክፉውን ገመትኩ። ሳልጠይቀው ላፕቶፑን ወስጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

በሦስተኛው ቀን «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላሳይሽ» አለኝ።

ያሳየኝ ሶኒክ ፓይ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሳም አሮን የተባለ ባለሙያ በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን በነጻ ይገኛል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዜማው የሚሠራው በጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ ቁጥር አለው፤ የፒያኖው መካከለኛ «ዶ» 60 ነው። ልጄ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ብሎ ጻፈ፤ ትዝታ ተሰማ። ሦስቱን ብቻ ለውጦ 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ሲል አምባሰል ሆነ! ድምፅ ለመቅረጽና ለመቁረጥ ኦዳሲቲን፣ በኖታ ለመጻፍ ሙዝስኮርን ይጠቀማል። እነዚህም ነጻ ናቸው።

ልቤን የነካው ግን ዜማው ነው። እናቴ ሩዝ ስታርም የምታንጎራጉረው መዝሙር ነበር! መዘምራኑ በኪቦርድ ሞክረውት «እማማ ከቃናው ይወጣሉ» ብለው ትተውታል። ልጄ «አያቴ አልወጣችም፤ ኪቦርዱ ነው ያልደረሰባት» አለኝ። በኪቦርዱ ላይ በ64 እና በ65 መካከል ቁልፍ የለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን እዚያ መካከል ያርፋል። በሶኒክ ፓይም 64.3 ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ዜማን በምልክት መጻፍ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባ አሉ። የድጓ ተማሪ ዜማውን የሚያነብበው ከፊደሉ በላይ ከሚጻፉ ምልክቶች ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥን ጨምሮ ዐሥር ምልክቶች ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ቁጥር ተሰጥቷቸው ገብተዋል።

ምሳሌ 18፥13 ሳይሰሙ መመለስን ሞኝነት ይለዋል። ይህን ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አጥንቼዋለሁ፤ ለሴቶች ኅብረትም አስተምሬበታለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ረሳሁት። ልጄንም ይቅርታ ጠየቅሁት።

ውድ ወላጆች፣ ከኮምፒውተር ጋር የሚያድር ልጅ ሁሉ መልካም ይሠራል አልልም፤ መጠበቅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከመቆለፋችን በፊት አጠገቡ ተቀምጠን «እስቲ አሳየኝ» እንበል።

በማግስቱ ዜማውን ለእናቴ አሰማናት። እጇን በአፏ ላይ ጭና እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያም «እዚች ላይ እኮ ትንሽ ዝቅ ማለት ነው፣ ልጄ» አለችው። እርሱም 64.3ን አጥፍቶ 64.2 ብሎ ጻፈ።